ኦክታፍ ዜልማን ከተማ ያሳየበት ቀን

ኑ ልጆቼ፣ ግቡ። ካፖርታችሁን በሩ ጀርባ ስቀሉት፤ ቢንጠባጠብም ግድ የለም፣ ወለሉ ሸክላ ነው። አንተ ረጅሙ፣ ያንን ወንበር ተወው፣ እግሩ ይወልቃል፤ እዚህ መስኮቱ ጋ ና። አንቺም ጠጋ በይ፣ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም። ዛሬ ስለ ወንድሜ ስለ ኦክታፍና ስለ ዜልማ ልነግራችሁ ነው። ዜልማ ከፊት ለፊታችን፣ አረንጓዴ በር ባለው ቤት ትኖር የነበረችው ናት። እናንተ አልደረሳችሁባትም።

ኦክታፍ እዚሁ ብሩዥ፣ ቦዩ ላይ ጎብኚ የሚያዞር ጀልባ ነጂ ነበር። አባታችንም ያንኑ ጀልባ ይነዳ ነበር። ለጎብኚው የሚነገረውን ሁሉ ኦክታፍ የተማረው ከአባባ ነው፤ እንደ ጸሎት በቃሉ ያዘው፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። በእኛው ቋንቋ በፍላማንኛ ይለዋል፣ በፈረንሳይኛ ይለዋል፣ በእንግሊዝኛና በጀርመንኛም። ንግግሩ ከውሃው ጋር የተሰፋ ነበር፤ አንዱ ቤት አልፎ ሌላው ብቅ ሲል የአንዱ ታሪክ አልቆ የሌላው ይጀምራል። "በግራችሁ የድሮው ሆስፒታል፣ መነኮሳት ድሃ ያስታምሙበት የነበረ። በቀኛችሁ የቆዳ ፋቂዎቹ አደባባይ።" ድልድይ ሲመጣ ደግሞ "ራሳችሁን!" ብሎ ይጮኻል፤ ድልድዮቻችን ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ያላጎነበሰ ሰው ግንባሩን ይዞ ነው የሚወጣው።

የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ግንብ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። "እዚያ ውስጥ" ይላል፣ "ከነጭ እብነ በረድ የተቀረጸች እመቤታችን አለች። ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በሁለት እጇ እቅፍ አድርጋ፣ ፈገግ ብላ ታየዋለች። እሷን ሳታዩ ከብሩዥ እንዳትወጡ።" ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። ከጀልባ እንደወረዱ ወደዚያው ይጣደፋሉ።

ከጀልባው ሲወርድ ግን ወንድሜ ዝምተኛ ነበር። ሚስት አላገባም። እኔም ባሌ ከሞተ በኋላ ወደ አባቴ ቤት ተመልሼ፣ እሱንና ድመቱን ስመግብ ነበር የምኖረው።

ዜልማ ዳንቴል ሠሪ ነበረች። ባሏ የሞተባት ገና በወጣትነቷ ነው። በጋ በጋውን በሯ ላይ ተቀምጣ፣ ዳንቴሉ የሚሠራበትን ትራሷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እነዚያን ክር የተጠቀለለባቸው ትንንሽ የእንጨት ዘንጎች ስታንቀጫቅጭ ከዚህ ይሰማ ነበር። ኦክታፍ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ዳቦዋን ያመጣላታል። እሷ "እግዜር ይስጥልኝ አቶ ኦክታፍ" ትላለች፤ እሱ ባርኔጣውን ያነሳል፤ አለቀ። ይኸው ነው ነገሩ። ዓመታት እንዲሁ አለፉ። እኔ በመስኮቴ እያየሁ በሆዴ "እናንተ ሰዎች፣ ስንት ዘመን ልትኖሩ ነው?" እል ነበር።

ታዲያ አንድ ሰኞ ዜልማ በራችንን አንኳኳች። ተቀመጪ ብላትም አልተቀመጠችም።

"እሑድ ቬርል በመኪና መጥታ ትወስደኛለች" አለች። ቬርል ልጇ ናት፣ ኦስተንድ ባሕሩ ዳር የምትኖር። "ደረጃዬ ላይ ዳግመኛ ወደቅኩ። ልጅቷ ከዚህ በላይ አልታገሥም አለች። እሷ ያለችበት ፎቅ ሊፍት አለው። ባሕሩም ከአልጋ ላይ ይታያል አለች።"

የዜልማ ደረጃ እንደ መሰላል የቆመ ነበር፤ ጉልበቷ ደግሞ አንደኛው አይታጠፍም። እውነት ለመናገር እኔ ራሴ "አይ ዜልማ፣ አንድ ቀን እዚያ ደረጃ ላይ ትቀሪያለሽ" እያልኩ ስሟገታት ነበር።

"እሺ ይሁን" አለች፣ ወደ ኦክታፍ ዞራ፣ "ግን እዚህ ተወልጄ አረጀሁ፤ ሰው ከዓለም ዳርቻ መጥቶ የሚያየውን አንዱንም አላየሁም። ኦስተንድ ላይ 'ብሩዥ እንዴት ናት?' ቢሉኝ ምን ልላቸው ነው? የዓሣ ገበያውን ልንገራቸው?"

"ስለ ሰዓት ማማው ደወሎች ንገሪያቸው" አልኳት።

"ደወሎቹንማ ውሻውም ይሰማቸዋል።" ሳቀችና ቀጠለች፣ "አቶ ኦክታፍ፣ ከእርስዎ በላይ ይህችን ከተማ የሚያውቃት የለም። ሐሙስ እንደ ቱሪስት ያዙሩኝ። ሉትጋርትም ትምጣ።"

"እኔን ምን ልታደርጊኝ?" አልኳት።

"ብቻዬን ከወንድ ጋር ስዞር ሰው ቢያየኝ የዚህ መንገድ መስታወት ሁሉ ይሰነጠቃል።"

መስታወት ያለችው ያቺን ነው፤ አያችኋት፣ ከመስኮቱ ውጪ የተንጠለጠለችውን? በእኛ መንገድ አሮጊት ያለችበት ቤት ሁሉ አለው። ወንበርሽ ላይ እንደተቀመጥሽ ከላይ እስከ ታች ማን ወጣ ማን ገባ ታያለሽ። አትንኳት፣ አቅጣጫዋን ያስተካከልኳት ዛሬ ጠዋት ነው።

ኦክታፍ ምን ብሎ እንደመለሰላት ታውቃላችሁ? "በደስታ፣ እመቤቴ! ይግቡ፣ ቦታ ቦታዎን ይያዙ!" ጀልባው ላይ የሚለውን! ምስኪን ወንድሜ፣ ሲደነግጥ ሌላ ቃል አይወጣውም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ኩሽና ስወርድ ኦክታፍ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አብርቶ ተቀምጧል። ዳቦውን አልነካም።

"ምነው፣ አመመህ?"

"ሉትዬ" አለኝ፣ "ገብቼ አላውቅም።"

"የት?"

"የትም። ቤተ ክርስቲያኑም ውስጥ፣ ሙዚየሙም ውስጥ። አንዱም ጋ።"

ማንኪያዬ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። "አርባ ዓመት ሙሉ ስትለፈልፍ የኖርከው?"

"አባባ ያለውን ነው ያልኩት።"

"አባባስ ገብቶ ነበር?"

"እኔ እንጃ። እሱም ከጀልባው ሲወርድ አይቼው አላውቅም።" እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። "ሰው በሚገባበት ሰዓት እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ሥራዬ ሲያልቅ በሩ ዝግ ነው። በብርዱ ወራት ደግሞ ጀልባ እቀባለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም የት ትሄዳለች ብዬ ነው፤ ነገም እዚያው ናት።"

መሳቅ ፈልጌ ነበር፤ ግን እኔም መቼ ገባሁ? እኛ ቅዳሴ የምንሰማው በሰፈራችን ደብር ነው። ያኛው የእንግዳ ነው እንል ነበር፤ የኛ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚለው።

"ታዲያ ለምን እሺ አልካት?"

"ልለምናት ብዬ ነው።"

"ምን ብለህ?"

"እንዳትሄድ።"

ልጆቼ፣ ያን ጊዜ ወንበሬን ሳብኩና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። "እስቲ እንዴት እንደምትላት በለኝ። እኔ ዜልማ ነኝ እንበል።"

ጉሮሮውን ጠራረገ። "እመቤቴ፣ በግራዎ..." አለና አንገቱን ደፋ።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ነው የወጣነው። ዜልማ ሰማያዊ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ከዘራዋን ይዛ። እኔ ከኋላ፣ እንደ ሚዜ።

ችግሩ ወዲያው ጀመረ። ኦክታፍ ከተማዋን የሚያውቃት ከውሃው ላይ ነው፤ ጀርባዋን። የየቤቱን ጓሮ፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ፣ የምድር ቤቱን መስኮት ያውቃል። በሩን አያውቅም። እግሩ ሳያስበው ወደ ቦዩ ይሳባል። "በዚህ በኩል፣ በዚህ በኩል" እያለ በጠባብ መንገድ አስገባን፣ በድልድይ አሻገረን፣ በአንድ የአትክልት አጥር ሥር አዞረን፤ መጨረሻ ላይ ወደ ውሃው በሚወርድ የድንጋይ ደረጃ ላይ ቆምን። ከፊታችን የብረት በር፣ ቁልፉ ዝጎ የተጣበቀ። ቤተ ክርስቲያኑ ከላያችን ቆሟል፤ ግንቡን ለማየት አንገት ይሰበራል። መግቢያ የለም።

"ግንቡ ይኸው" አለ ኦክታፍ።

"አየሁት" አለች ዜልማ። "ከቤቴም አየዋለሁ። የሚገባው በምንድን ነው፣ በዋና?"

በዚህ መሃል አንዲት ቢጫ የዝናብ ካፖርት የለበሰች ጎብኚ፣ ነፋስ ከሚነጥቃት ካርታዋ ጋር እየታገለች መጣች። ዜልማ አላፈረችም። በከዘራዋ ትከሻዋን ነካ አድርጋ፣ በምልክትና በተሰባበረ እንግሊዝኛ መንገድ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ካርታውን ገልብጣ፣ አይታ፣ በጣቷ አሳየችን። ከዚያ ደግሞ የዜልማን ክንድ ይዛ እስከ በሩ ድረስ አደረሰችን! እኛን! በከተማችን!

"ከየት አገር ነው የመጣችሁት?" ብላ ጠየቀችን በመጨረሻ።

ዜልማ ወደ ኦክታፍ አየች። የወንድሜ ጆሮ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። "ከሩቅ" አለቻት ዜልማ፣ "ከሩቅ ነው የመጣነው።" እኔ ሳቄን ለመደበቅ ስስል ሴትዮዋ ከረሜላ ሰጠችኝ።

መግቢያው ላይ ትኬት የምትቆርጥ ልጅ ነበረች። ኦክታፍ ኪሱን ሲዳብስ፣ "የከተማው ነዋሪ ናችሁ?" አለች። መታወቂያችንን አሳየናት። "እናንተማ በነፃ ነው የምትገቡት" አለች። "ሁልጊዜ በነፃ ነው።"

ዜልማ "ሰማሽ ሉትጋርት?" አለችኝ። "ዕድሜ ልካችንን ተጋብዘን ነበር።"

ወደ ውስጥ የሚያሳልፈው በር ቅስት ነው፣ ከፍ ያለ፤ ፈረሰኛ ከነባርኔጣው ያልፍበታል። ኦክታፍ ግን ቅስቱን እንዳየ፣ አርባ ዓመት የለመደ አፉ ቀደመውና "ራሳችሁን!" ብሎ ጮኸ። ቤተ ክርስቲያኑ አስተጋባ። ከፊታችን የነበሩት ጀርመኖች በሙሉ ጎንበስ አሉ። አንድ ጺማም ሽማግሌ ቀና ሳይል እስከ ጸበሉ ገንዳ ድረስ ሄደ። ዜልማ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ከዘራዋ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "አቶ ኦክታፍ፣ ለዚህ ብቻ እንኳ መውጣቴ አይቆጨኝም" አለች። እሱም ትንሽ ፈገግ አለ። እኔ ጥሩ ነው፣ ቀኑ ሊቀና ነው አልኩ በልቤ።

ከዚያ ወደ እብነ በረዷ እመቤታችን ደረስን።

ሰዎች ተሰብስበው ቆመዋል፣ አንገት ለአንገት። እኛ ያረጀን ስለሆንን መንገድ ለቀቁልን። ዜልማ ከመከለያው ጋ ቆመችና ሳትዞር፣ "በሉ ይንገሩኝ" አለችው። "እንደ ጀልባው። አንድም ሳይቀር።"

ኦክታፍ ባርኔጣውን አወለቀ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እዚህ ውስጥ ከነጭ እብነ በረድ የተቀረጸች እመቤታችን አለች" ብሎ ጀመረ። "ልጇን ጭኗ ላይ..."

ቆመ።

ልጁ ጭኗ ላይ አልነበረም። በሁለት ጉልበቶቿ መሃል በእግሩ ቆሟል፣ ወፍራም፣ ጸጉሩ የተጠቀለለ፤ አንድ እግሩ ወደ ታች ሊራመድ ነው። አላቀፈችውም። አንድ እጇ መጽሐፍ ላይ ነው፣ በሌላው እጇ የልጁን እጅ ይዛለች፣ ያውም በቀስታ። ዓይኗ ወደ ታች ነው። ልጁን አታየውም።

"ፈገግ ብላ..." አለ ኦክታፍ።

"ፈገግ አላለችም" አለች ዜልማ።

"አላለችም።"

እኔ ሌላ ነገር የምመለከት መስዬ ጆሮዬን ሰጥቻቸዋለሁ።

"ገብቼ አላውቅም፣ ወይዘሮ ዜልማ" አለ ወንድሜ። "አንድም ቀን። የሰማሁትን ነው ስናገር የኖርኩት።"

ዜልማ ቀስ ብላ ዞረች። "እና ያ ሁሉ ሰው? ጃፓኖቹ? አሜሪካኖቹ? በጀልባዎ የሄደው ሁሉ?"

"ለሁሉም እንዲሁ ነው ያልኳቸው።"

"ስንት ሺህ ሰው ዋሹ?"

"የአባባን ጨምሬ ነው?" አለ ኦክታፍ፣ ከልቡ እያሰበ።

ዜልማ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋን ልትይዝ ይሁን ሌላ ነገር እንጃ። እንደገና ወደ ሐውልቱ ዞረች። ዳንቴል ሠሪ አይደለች? የምታየው እጅን ነው።

"እጇን ያዩታል?" አለች። "አጥብቃ አልያዘችውም። አልለቀቀችውምም። ሊሄድ እንደሆነ ታውቃለች። እኔ ቬርልን እንዲህ ነው የያዝኳት፣ ባሏ ሊወስዳት ሲመጣ።" ወደ እሱ ሳትዞር ቀጠለች፣ "አሁን ደግሞ ልጅቷ እኔን ልትይዘኝ ነው። እሷ ግን በሁለት እጇ፣ እቅፍ አድርጋ፤ እርስዎ እንዳሉት።"

"አይሂዱ" አለ ኦክታፍ።

"ምን አሉኝ?"

"አይሂዱ፣ ወይዘሮ ዜልማ። ጠዋት በርዎ ተዘግቶ ካየሁ ዳቦውን ለማን ላመጣ ነው? በዚያ በር ፊት እንዴት ላልፍ ነው?"

ከኋላችን አንድ ሰውዬ፣ "ይቅርታ፣ ፎቶ ላነሳ ነበር፣ ትንሽ ዘወር ቢሉልኝ" አለ። ሁለቱም አልሰሙትም። እኔ ዞሬ በዓይኔ አስቆምኩት።

"አርባ ዓመት 'ፈገግ ትላለች' ሲሉ የኖሩ ሰው" አለች ዜልማ፣ "እኔ አሁን ይህን እንዴት ልመን?"

"ያኛውን አባባ ነው ያስተማረኝ" አለ ወንድሜ። "ይህን ያስተማረኝ የለም።"

ዜልማ ክንዱን ያዘች፤ መውጫው ላይ ሁለት እርከን ነበር።

ሰዓት ማማው ሥር ካለው ጋሪ የተጠበሰ ድንች ገዛንና አደባባዩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ደወሎቹ ከላያችን ይደውላሉ፣ የጋሪ ፈረሶች ያልፋሉ። ዜልማ ድንቿን በማዮኔዝ እየነከረች በልታ ጨረሰችና ጣቷን ጠረገች።

"አቶ ኦክታፍ፣ ቃልዎ ደስ ብሎኛል" አለች። "እንዲህ ያለ ቃል ከሰማሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ግን ጉልበቴ ቃል አይገባውም። ዛሬ ደስ ብሎኝ ቀርቼ፣ ነገ ያ ደረጃ ይጥለኛል። ያኔ ቬርል እርስዎን ነው የምትረግመው፣ ደግሞም ልክ ናት።"

ኦክታፍ ድንቹን እንደያዘ ቀረ፤ አንዲት ርግብ ከእጁ በላችለት። እኔ ጉዳዩ አበቃ ብዬ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከፊት ክፍላችን ከባድ ነገር ሲጎተት ሰማሁ። እንግዲህ ያቺን ክፍል ማወቅ አለባችሁ። የእኛ ሰው የቤቱን ደህናውን ክፍል፣ መንገድ ላይ ያለውን፣ ለእንግዳ ነው የሚያኖረው። የመጀመሪያ ቁርባን ድግስ እዚያ ይበላል፣ ሬሳ እዚያ ይሰነብታል፤ በተረፈው ጊዜ ዝግ ነው። እኔ በየቅዳሜው አቧራውን አራግፋለሁ፣ ብርጭቆዎቹን አጥባለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ። ኑሯችን ከኋላ፣ ኩሽናው ውስጥ ነው።

ሮጬ ስገባ ኦክታፍ እጅጌውን ጠቅልሎ ከቡፌው ጋር ይታገላል።

"ምን ሆነሃል?"

"ቡፌው ወደ ጓሮ ይወጣል።"

"የእማማ ቡፌ ነው!"

"እማማ ሞታለች፣ ሉትዬ።"

"እንግዳ ቢመጣስ?"

ቀና ብሎ አየኝ፣ ላቡ በግንባሩ ላይ። "እስቲ ንገሪኝ፣ ማን መጥቶ ያውቃል?"

አሰብኩ። "እማማ ስትሞት ቄሱ መጥተው ነበር።"

"እሳቸውም ሞተዋል።"

ቆሜ ያቺን ክፍል አየኋት። ከመንገዱ በር ቀጥታ የሚገባባት፣ ደረጃ የሌላት፣ ፀሐይ የምትገባባት የቤቱ ብቸኛ ክፍል። እኔ መቼም ግትር ነኝ፣ እናንተም ታውቁኛላችሁ። ብርጭቆዎቹን እያወጣሁ አለቀስኩ፤ ከዚያ አፍንጫዬን ተናፈጥኩና የቡፌውን ሌላውን ጫፍ ያዝኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ኦክታፍ ሄዶ ዜልማን ይዟት መጣ። እሷ ሻንጣ ስታዘጋጅ ነበር፣ ፀጉሯ ላይ ሻሽ አስራለች። በሩ ላይ አቆማት።

"በቀኝዎ መስኮት ነው" አለ። "ጠዋት ፀሐይ አለው፣ እስከ ቁርስ ብቻ፤ ከዚያ የማዶው ቤት ይጋርደዋል። በግራዎ አልጋ። የእኔ ነበር፣ አንድ እግሩ ያጥራል፣ እንጨት ሰክቼበታለሁ። መጸዳጃው በዚያ ኮሪደር ነው፤ አንዲት እርከን ነበረችው፣ ዛሬ ጣውላ አድርጌ አስተካከልኳት። እዚያ ጥግ ላይ ግድግዳው በዝናብ ይረጥባል፤ አልዋሽዎትም። እኔና ሉትጋርት ፎቅ ላይ እንተኛለን። የዳንቴል ትራስዎን ይዘው የሚቀመጡበት ወንበር መስኮቱ ጋ ነው፤ ተቀምጬበት አይቼዋለሁ፣ መንገዱ ሙሉውን ይታያል።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ሁሉንም አይቼዋለሁ፣ ወይዘሮ ዜልማ።"

ዜልማ ገባች። ከበሩ እስከ አልጋው ሄደች፣ ከአልጋው እስከ ኮሪደሩ። ጣውላው ላይ ቆማ በማይታጠፈው እግሯ ሞከረችው። የረጠበውን ግድግዳ በመዳፏ ነካችው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ብዙ ተቀመጠች።

"ነገ ቬርል ስትመጣ" አለች በመጨረሻ፣ "እርስዎ ራስዎ ይንገሯት። እኔ አፌን አልከፍትም። ይህን ያህል ደፋር ከሆኑ ያኔ አያለሁ።"

እሑድ ቬርል መጣች፣ መኪናዋን ባዶ ካርቶን ሞልታ። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ለእናቷ የምትሳሳ፣ ችኩል ነገር ናት። ኦክታፍ መንገዱ መሃል ቆሞ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ጠበቃት። ከላይ እስከ ታች የመንገዳችን መጋረጃ ሁሉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ።

"ቬርል ልጄ፣ እናትሽ እኛ ጋ ብትኖር ብለን ነው" አላት። እንዲሁ፣ ባንድ ትንፋሽ።

"ከማን ጋር? ከእርስዎ ጋር?" ቬርል ደነገጠች። "አቶ ኦክታፍ፣ እዚያ ሊፍት አለ!"

"እዚህ ሊፍት የሚያስፈልገው ነገር የለም። ከመንገድ ገብታ አልጋዋ ነው።"

"ብትወድቅስ?"

"አነሳታለሁ።"

"እርስዎስ ቢወድቁ?"

"ሉትጋርት ታነሳናለች።"

"እኔ ብወድቅስ?" አልኩ ከበሩ ላይ።

"አንቺ ወድቀሽ አታውቂም" አለ ሳይዞር። ማዶ መስኮት ላይ ሰው ሲስቅ ተሰማ።

ቬርል ወደ እናቷ ዞረች። "እማዬ፣ ምን ትያለሽ? እኔ እኮ ክፍልሽን ቀለም አስቀብቼ ነው የመጣሁት።"

"አውቃለሁ የኔ ልጅ" አለች ዜልማ። "በየወሩ መጥቼ እተኛበታለሁ፣ ባሕርሽንም አያለሁ። ግን ቤቴ እዚህ ነው። ይህ ሰውዬ ደግሞ ገና አሁን ነው አፉን የከፈተው፤ ቀሪውን ሳልሰማ አልሄድም።"

ቬርል ገብታ ክፍሉን አየች። ፍራሹን በጡጫዋ ተጫነች፣ መስኮቱን ከፍታ ዘጋች፣ ኮሪደሩ ላይ ያለውን ጣውላ በጫማዋ ረገጠች። ከዚያ መስኮቱ ጋ ተመልሳ መጋረጃውን በሁለት ጣት አነሳች።

"ይህ መጋረጃ ያስጠላል" አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶታል። "የሚመጣው እሑድ እኔ ሌላ አመጣለሁ።"

እንዲህ ሆነ። ካርቶኖቹን የተጠቀምንባቸው የዜልማን ዕቃ መንገዱን ለማሻገር ነው። ደህና ዓመታት ኖርን፣ ሦስታችን። ብሩዥን አንድ በአንድ አየናት፣ በነፃ፣ በየሐሙሱ፤ ኦክታፍ ሁልጊዜ መንገድ ይስታል፣ ዜልማ ሁልጊዜ ሰው ትጠይቃለች። አንድ ጠዋት ከኩሽና "ኦክታፍ፣ አንተ ሰው፣ ዳቦው አረረ!" ስትለው ሰማሁ፤ "አቶ"ው መቼ እንደቀረ አላስተዋልኩም ነበር። እሷ ቀድማ አረፈች፣ በመኸር፤ እሱም ብዙ አልቆየም።

አሁን ዝናቡ ሳይብስ ሂዱ፣ እናቶቻችሁ ይጠብቃሉ። አንድ ነገር ብቻ ለምኜ ልሰናበታችሁ። መቃብራቸው ለየብቻ ነው፤ እሷ ከባሏ ጋር ናት፣ እሱ ከአባባ ጋር። እኔ ስሄድ ስማቸውን አንድ ላይ የሚጠራ ሰው አይኖርም። እናንተ ልጆች ናችሁ፣ ብዙ ትቆያላችሁ። እባካችሁ፣ አንዳንዴ ትዝ ሲላችሁ፣ ድምፃችሁን ከፍ ሳታደርጉም ቢሆን፣ ኦክታፍና ዜልማ ብላችሁ አንድ ላይ ጥሩልኝ።